የጎባና የሮቤ መንገድ በአንድ ትራፒዚየም

ባሌ ውስጥ ከጎባ እስከ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎባ ከሳነቴ አምባ ሥር በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ሮቤ በስተሰሜን ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በስንዴ ማሳ መሃል ተዘርግታለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙና ጋሪ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። ተሳፋሪ ስለዚህ ጉዞ ቢጠየቅ «ቅርብ ነው፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው» ከማለት ሌላ የሚጨምረው ብዙ የለውም። ጉዞው በባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስና በማስመሪያ ሲሰፍር ግን ብዙ ይናገራል፤ መቼ እንደተነሳ፣ እንዴት እንደፈጠነ፣ እስከ ስንት እንደደረሰ፣ የት ፍሬን እንደያዘ፣ ስንት ሜትር እንደሄደ፣ ሁሉንም በሦስት መስመር። በትምህርት ቤት ፊዚክስ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ በአሠራሩ የምደነቅበት ይህ ሥዕል ነው፤ የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ።

አብረን እንሥራው። አግድሙ መስመር ጊዜን በሰከንድ ይይዛል፤ ቋሚው ፍጥነትን በሜትር በሰከንድ። አንዲት ሚኒባስ ከጎባ መናኸሪያ ተነስታ በ30 ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቷ ከዜሮ ወደ 15 ሜትር በሰከንድ ደረሰ እንበል፤ ሾፌሩ ፊት ያለው ቆጣሪ ይህንኑ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ብሎ ያሳየዋል። በዚሁ ፍጥነት ሳትጨምር ሳትቀንስ 900 ሰከንድ፣ ማለትም ሩብ ሰዓት ሄደች። ሮቤ ስትገባ ሾፌሩ ፍሬን ያዘና በ20 ሰከንድ ቆመች። ወረቀቱ ላይ የሚታየው አንድ የሚወጣ መስመር፣ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ መስመር፣ አንድ ደግሞ ከወጣው ይልቅ ገደልማ ሆኖ የሚወርድ መስመር ነው። ከሥር የጊዜው መስመር ሲዘጋው ትራፒዚየም ይሆናል፤ የላይኛው ጎኑ 900፣ የታችኛው 950፣ ቁመቱ 15።

አሁን ቀረብ ብለን እንየው። የመጀመሪያው መስመር ዝንባሌ፣ ተማሪዎች ስሎፕ የሚሉት፣ 15 ለ30 ሲካፈል 0.5 ነው። በእያንዳንዱ ሰከንድ የመኪናዋ ፍጥነት በግማሽ ሜትር በሰከንድ ጨምሯል ማለት ነው፤ አክስለሬሽን የምንለው ይኸው ነው። የመጨረሻው መስመር ዝንባሌ 15 ለ20፣ 0.75 ሲሆን መስመሩ የሚወርድ ስለሆነ ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው። መሃሉ ጠፍጣፋ ነውና ዜሮ። አክስለሬሽን የራሱ ጠርዝ፣ የራሱ ሰንጠረዥ አላስፈለገውም። በመስመሩ ማዘንበል ውስጥ አለ፤ ዓይን ገና ቁጥር ሳያነብ ፍሬኑ ከአነሳሱ እንደጠነከረ ያያል።

ይህ ገና ግማሹ ነው። በሥዕሉ ላይ ርቀት የተጻፈበት ቦታ የለም። አንዱ ጠርዝ ሰከንድ ይለካል፣ ሌላው ፍጥነት፤ ሜትር የሚለካ ጠርዝ የለም። ርቀቱ ግን ከመስመሮቹ በታች፣ ከጊዜው መስመር በላይ ባለው ስፋት ውስጥ ተቀምጧል። የመሃሉ ክፍል ቁመቱ 15 ሜትር በሰከንድ፣ ርዝመቱ 900 ሰከንድ የሆነ ሬክታንግል ነው። ሁለቱ ሲባዙ ሰከንዱ ከሰከንዱ ጋር ይጣፋና 13,500 ሜትር ይቀራል። የግራው ጎነ ሦስት 225 ሜትር፣ የቀኙ 150 ሜትር ይሰጣል። ድምሩ 13,875 ሜትር ነው፤ 14 ኪሎ ሜትር ሊሞላ 125 ሜትር ብቻ የቀረው። በአንድ ጊዜ መሥራት ለፈለገም 900ና 950ን ደምሮ ለሁለት ቢያካፍል 925፣ በ15 ቢያባዛው ያው 13,875 ይወጣል። ጥሩ አናጺ ምስማር ሳይመታ ሁለት እንጨት ሲያጋጥም መጋጠሚያው የት እንደሆነ በዓይን አይገኝም፤ እዚህም ፍጥነት፣ ጊዜ፣ አክስለሬሽንና ርቀት የተጋጠሙት እንደዚያ ነው።

ሬክታንግሉ ግልጽ ነው፤ ፍጥነት በጊዜ ሲባዛ ርቀት እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ፍጥነቱ በየቅጽበቱ በሚለዋወጥበት በጎነ ሦስቱ ውስጥ ስፋቱ ርቀት መሆኑ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃው ራሱ የሚያምር ነው። የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች በአንድ በአንድ ሰከንድ ቀጫጭን ክፍሎች እንቁረጣቸው። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ መኪናዋ በክፍሉ መጀመሪያ በነበራት ፍጥነት ብቻ ሄደች ብንል ድምሩ 217.5 ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከእውነቱ ያንሳል። በክፍሉ መጨረሻ በነበራት ፍጥነት ሄደች ብንል 232.5 ይሆናል፤ ይህ ይበዛል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። ክፍሎቹን ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብናቀጥናቸው ታችኛው 224.25፣ ላይኛው 225.75 ይሆናል። ባቀጠንን ቁጥር ሁለቱ ከላይና ከታች 225ን እያጠበቡ ይመጣሉ፤ ሌላ ቁጥር የሚያመልጥበት ቀዳዳ አይቀርም። ተማሪው በኋላ ካልኩለስ በሚባል ስም የሚያገኘው ትልቅ ሐሳብ የ9ኛ ክፍል ደብተር ላይ በእርሳስ የተቀባ ጎነ ሦስት ውስጥ ተኝቶ ነበር።

በመንገዱ መሃል አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» ቢልስ? ጠፍጣፋው መስመር ይሰበራል። በ20 ሰከንድ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሰውየው ዕቃውን ይዞ እስኪወርድ 10 ሰከንድ ወለሉ ላይ ይቆያል፣ በ30 ሰከንድ ተመልሶ ይወጣል። በነዚህ 60 ሰከንዶች የተሸፈነው ርቀት 150ና 225፣ በድምሩ 375 ሜትር ነው። ሳይቆሙ ቢሆን ይህ ርቀት 25 ሰከንድ ብቻ ይፈጅ ነበር። መኪናዋ የቆመችው ለ10 ሰከንድ ቢሆንም ጉዞው የዘገየው በ35 ሰከንድ ነው። ተሳፋሪው «አሁን እኮ ነው የቆምነው፣ ምን ያህል ይዘገያል?» ቢል ከልቡ ነው፤ ግራፉ ግን በቆመበትና በዘገየበት መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት የእንቅስቃሴ ቀመሮች ከዚህ ሥዕል የተቆረጡ ናቸው። እኔን የሚያስቆጨኝ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተቆርጠው መሰጠታቸው ነው። ተማሪው «ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን» ብሎ ይጽፍና ከዝርዝሩ ውስጥ የሚገጥም የመሰለውን ቀመር ይፈልጋል። አግኝቶ ቁጥር ይተካል፣ መልሱም ይወጣ ይሆናል። ሥዕሉን ያላየ ተማሪ ግን ቀመሮቹ አራት የተለያዩ ሕጎች ይመስሉታል፤ አንድ ሆነው አያያቸውም።

ሮቤ አደባባይ ላይ ፍጥነቷን ወደ 5 ሜትር በሰከንድ ቀንሳ የነበረች መኪና በ20 ሰከንድ ወደ 15 ከፍ አለች እንበል። ግራፉ በግራ በኩል 5፣ በቀኝ በኩል 15 ቁመት ያለው፣ መሠረቱ 20 የሆነ ትራፒዚየም ነው። ዝንባሌውን ብቻ ስናነብ የመጀመሪያው ቀመር ይወጣል፤ የመጨረሻ ፍጥነት ማለት የመነሻ ፍጥነት ሲደመር አክስለሬሽን በጊዜ ነው፣ 5 ሲደመር 0.5 በ20፣ 15። የሁለቱን ቁመቶች አማካይ በመሠረቱ ስናባዛ ሁለተኛው ቀመር ይወጣል፤ አማካዩ 10፣ በ20 ሲባዛ 200 ሜትር። ቅርጹን ከ5 ከፍታ ላይ በአግድም ስንቆርጠው ከታች ሬክታንግል፣ ከላይ ጎነ ሦስት ይቀራል። ሬክታንግሉ 5 በ20፣ 100 ሜትር፤ መኪናዋ ባትፈጥን ኖሮ የምትሄደው። ጎነ ሦስቱ የ10ና የ20 ብዜት ግማሽ፣ እንደገና 100 ሜትር፤ በመፍጠኗ ያገኘችው ትርፍ። ሦስተኛው ቀመር ይህ ነው፤ ብዙ ተማሪ «ግማሹ ከየት መጣ?» እያለ የሚሸመድደው። ግማሹ የጎነ ሦስት ግማሽ ነው።

ጊዜው ካልታወቀስ? የትራፒዚየሙ መሠረት ጠፋ ማለት ነው። ግን የፍጥነቱ ለውጥ ለአክስለሬሽኑ ሲካፈል መሠረቱን ስለሚመልስ በቦታው ማስገባት ይቻላል። ያን ጊዜ የሁለቱ ቁመቶች ድምር ከሁለቱ ልዩነት ጋር ይባዛና የስኩዌሮቻቸው ልዩነት ይሆናል፤ 225 ሲቀነስ 25፣ 200፣ ለአክስለሬሽኑ እጥፍ ማለትም ለ1 ሲካፈል 200 ሜትር። አራተኛው ቀመር። ከላይኛው ጫፍ ተነስተን ትልቁን ሬክታንግል 15 በ20፣ 300 አድርገን የጎደለውን 100 ብንቀንስም 200 ይመጣል፤ ይህኛው አምስተኛ ቀመር በብዙ ዝርዝር ውስጥ ባይገባም ከወንድሞቹ አያንስም። ነገሩ ውስጥ ያሉት መጠኖች አምስት ናቸው፤ የመነሻ ፍጥነት፣ የመጨረሻ ፍጥነት፣ አክስለሬሽን፣ ጊዜ፣ ርቀት። ቀመሮቹም አምስት፣ እያንዳንዱ አንዱን መጠን ብቻ የሚተው። የመጀመሪያው ርቀትን፣ ሁለተኛው አክስለሬሽንን፣ ሦስተኛው የመጨረሻ ፍጥነትን፣ አራተኛው ጊዜን፣ አምስተኛው የመነሻ ፍጥነትን። የቱ ቀመር እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ጥያቄው የቱን እንዳልነገረንና እንዳልጠየቀን ማየት ይበቃል። የዚህን አቀማመጥ ንጽሕና ሳስተውል ሰው ሆን ብሎ ያቀደው ይመስለኛል፤ የተገኘው ግን ከአንድ ቅርጽ ነው።

ጎባ ለሚማር ልጅ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። መስኮቱ ላይ ቀና ሲል ሳነቴን ያያል፤ ግራፉ ላይም የሚወጣ መስመር ያያል፤ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ግራፍ የመንገድ ሥዕል አይደለም። ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣ የተጫነ አይሱዙ ዳገቱን ሲጀምር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ መንገዱ እየወጣ ግራፉ እየወረደ ይሄዳል። በደጋው ቀጭን አየር ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ መስመሩ ከቆላ ዳገት ይበልጥ ዝቅ ይላል። ይህን የተቃራኒ ምሳሌ በመስኮቱ በኩል በጣት እያሳዩ ማስተማር የሚቻልበት ከተማ በአገራችን ብዙ የለም።

ይህ ዕውቀት በወረቀት ላይ ብቻ አልተወለደም። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ በ1638 በላይደን ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበትን መሣሪያ የገለጸው እንደ ባለሙያ ነው። 12 ክንድ ያህል ርዝመት፣ ግማሽ ክንድ ስፋት፣ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው የእንጨት ሳንቃ ወሰደ። በጠርዙ ላይ ከአንድ ጣት ትንሽ የሚሰፋ ቦይ ቀጥ አድርጎ አስቆፈረ። ቦዩን ካለሰለሰ በኋላ ውስጡን በብራና አለበሰው፤ ብራናውም በተቻለ መጠን የለሰለሰና የጠራ ነበር። በላዩ ላይ ጠንካራ፣ ልሙጥና ፍጹም ክብ የነሐስ ኳስ አንከባለለ።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ብራና እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ አገር ሰው ይህን ምርጫ ይረዳዋል። ቆዳው በማስወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል፤ ብዕር ሳይያዝ እንዲሄድበት። ጋሊሊዮም የፈለገው ያንኑ ነበር፤ ኳሱ ሳይያዝ እንዲሄድ። የእንጨት ጭረት፣ የአንድ ጉጥ እብጠት፣ የቦዩ ትንሽ ጥመት መስመሩን ያበላሽበታል። ደግሞም በዘመኑ ሰከንድ የሚቆጥር አስተማማኝ ሰዓት አልነበረም። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ውኃ በቀጭን ቧንቧ እንዲወርድ አደረገ፤ ኳሱ እስኪወርድ ድረስ የተጠራቀመውን ውኃ በጥሩ ሚዛን መዘነው፤ የውኃው ክብደት የጊዜው መጠን ሆነ። ሙከራውን 100 ጊዜ ደጋግሜዋለሁ ይላል። ርቀቱ ሁልጊዜ ከጊዜው ስኩዌር ጋር ይሄድ ነበር፤ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ። የተማሪ ደብተር ላይ በአንድ መስመር የሚጻፈው ቀመር ከኋላው የተፋቀ ቆዳ፣ የተሞረደ ነሐስና የተመዘነ ውኃ አለው።

በኛ ሚኒባስ ላይም ይህ ይታያል። ከተነሳች በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች 25 ሜትር፣ በሚቀጥሉት 10 ሰከንዶች 75፣ በሦስተኛዎቹ 125 ትሄዳለች። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ጎነ ሦስቱን በሦስት እኩል የጊዜ ክፍል ብንከፍለውና እያንዳንዱን ክፍል በትናንሽ እኩል ጎነ ሦስቶች ብንሞላው በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት ይገባሉ።

ሥዕሉ ራሱ ከጋሊሊዮ ይቀድማል። በ1330ዎቹ በኦክስፎርድ መርተን ኮሌጅ እነ ዊልያም ሄይትስበሪ በእኩል መጠን የሚፈጥን ነገር የሚሄደው ርቀት በአማካይ ፍጥነቱ ወጥ ሆኖ ቢሄድ ከሚሸፍነው ጋር እኩል እንደሆነ በቃል አስቀምጠው ነበር። ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጊዜን በአግድም መስመር፣ ፍጥነትን በላዩ በሚቆም መስመር ወክሎ ሣለው። ጎነ ሦስት ሠርቶ በግማሽ ቁመቱ ላይ በአግድም ቆረጠው፤ ከላይ የተቆረጠው ቁራጭ ተገልብጦ ጎዶሎውን ቦታ ልክ ሞላው፤ ጎነ ሦስቱም ሬክታንግል ሆነ። ቆጣሪ ያለው መኪና ቀርቶ የሚታመን ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ይህን ማሰብ ትልቅ ብቃት ነው።

የሚወድቅ ድንጋይም በእኩል መጠን ይፈጥናል፤ አክስለሬሽኑ መጽሐፍ ላይ 9.8 ተብሎ ይሰጣል፤ ለሒሳብ ምቾት 10 የሚደረግበትም ጊዜ አለ። ጎባ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ከባሕር ወለልም ከፍ ያለች ስለሆነች እዚያ ትክክለኛው 9.77 አካባቢ ነው። ድንጋይ ተለቆ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወድቀው ከመጽሐፉ በ1 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ያንሳል ማለት ነው። ለፈተና አያስፈልግም፤ ልጆች ግን የራሳቸው ከተማ ቁጥር እንዳለው ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ሁለት ተንቀሳቃሾች በአንድ ወረቀት ላይ ሲሳሉ ግራፉ ሌላ ችሎታ ያሳያል። በነሐሴ 1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በባርሴሎና ኦሊምፒክ የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ የደራርቱ ቱሉንና የደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ፍጥነት በአንድ ጊዜ እንሣል። ደራርቱ የተወለደችው በአርሲ በቆጂ፣ ከባሌ አጎራባች ደጋ ነው። ሜየር ፍጥነቷን ጨምራ ከሌሎቹ ስትለይ ደራርቱ ተከተለቻት፤ ለብዙ ዙሮች ከኋላዋ ሆና ለመምራት አልወጣችም። በግራፉ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትጨምር ሌላዋ ትጨምራለች። በመጨረሻው ዙር ላይ የደራርቱ መስመር ብቻውን ሽቅብ ይላል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚከፈተው ቦታ ስፋት አለው፤ ያ ስፋት በሜትር የተለካ ክፍተት ነው። ደራርቱ በ31 ደቂቃ ከ6.02 ሰከንድ ገባች፣ ሜየር በ31 ደቂቃ ከ11.75። ልዩነቱ 5.73 ሰከንድ ነው፤ ሜየር በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ያህል ትሮጥ ነበር ብንል 31 ሜትር ተኩል ይሆናል። እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚቀባ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም የተቀባው በአንድ ዙር ውስጥ ነው። በዚያ ድል ደራርቱ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ታሪኩን በሥዕል ከነገሩኝ መንገዶች ሁሉ ይህ ግራፍ ትዕግሥቷን አጉልቶ ያሳየኛል።

ወደ ባሌ ልመለስ። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በአፍሪካ ክረምት ከበጋ ከሚያገለግሉ መንገዶች ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። አምባው ላይ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ አለ። አምባው በደቡብ በኩል ሲያልቅ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ አራተኛው ቀመር፣ ያ ስኩዌር ያለበት፣ ነፍስ ያለው ነገር ይሆናል።

ሜዳ ላይ ፍሬን በየሰከንዱ 5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል። በ10 የሚሄድ መኪና ግራፉ ቁመቱ 10፣ መሠረቱ 2 የሆነ ጎነ ሦስት ነው፤ በ10 ሜትር ይቆማል። በ20 የሚሄደው ቁመቱ 20 ነው፤ የመስመሩ ዝንባሌ ያው ስለሆነ መሠረቱም 4 ሰከንድ ይሆናል። ቁመትም መሠረትም እጥፍ ሆኑ፤ ስፋቱ አራት እጥፍ፣ 40 ሜትር። ስኩዌሩ ከዚህ ነው የመጣው። አሁን በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ላይ እናድርገው። የመሬት ስበት ከፍሬኑ ሥራ 1 ያህል ይወስዳል፤ የሚቀረው 4 ነው። በ10 የሄደው 12.5 ሜትር፣ በ20 የሄደው 50 ሜትር ይፈልጋል። ሾፌሩ ከብት አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ 1 ሰከንድ ቢያልፍ በጎነ ሦስቱ ፊት ሬክታንግል ይጨመራል፤ 22.5 እና 70 ሜትር። የመንገዱ ጥምዝ ከ70 ሜትር ባነሰ ርቀት ዓይንን ሲከልል ሁለተኛው ሾፌር የማያየውን ቦታ በእምነት እየነዳ ነው። ይህን ሁለት ጎነ ሦስት አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚስል መምህር ለነዚያ ልጆች ከቀመር በላይ የሆነ ነገር ሰጥቷቸዋል፤ ነገ ከመካከላቸው መሪ የሚይዝ አለና።

ሳነቴ ላይ ሌላ ግራፍም አለ፤ የቀይ ቀበሮ። አምባው በአይጦችና በግዙፍ ፍልፈሎች የተሞላ ነው፤ ቀበሮው ብቻውን ያድናል። መስመሩ ብዙውን ጊዜ ወለሉ ላይ ነው፤ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር ሲስብ ቀበሮው አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሹል። ከሹሉ በታች ያለው ስፋት ወደ ጉድጓዱ አፍ የቀረውን ርቀት ካልሞላ ፍልፈሉ ገብቷል። በዝግታው ጊዜ የሚያገኛቸው ጥቂት ሜትሮች ሹሉን ያሳጥሩለታል፤ አድብቶ መቅረቡ ለዚህ ነው።

የሣልነው ትራፒዚየም ግን አንድ ነገር ደብቆናል፤ ማዕዘኖቹን። የሚወጣው መስመር ጠፍጣፋውን የሚገናኝበት ነጥብ ሹል ነው፤ አክስለሬሽኑ ከ0.5 ወደ ዜሮ በቅጽበት ዘሏል። እውነተኛ መኪና እንደዚያ አያደርግም፤ ሊያደርግ የሞከረም ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል። ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ማዕዘን ነው። መኪናዋ በ0.75 እየቀነሰች መጥታ ስትቆም ፍሬኑ የሚያመጣው ግፊት ድንገት ይጠፋና ወደ ፊት ያዘነበለው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጎን ያለው ሰው የያዘው የዕንቁላል ዕቃ ይንቀጠቀጣል። የጎባና የሮቤን መንገድ ለዓመታት የነዳ ጥሩ ሾፌር ይህን አያደርግም። ልትቆም ስትል እግሩን ከፍሬኑ ላይ ቀስ እያለ ያነሳል፤ ሹሉን ማዕዘን ያጎብጠዋል።

ዋጋውን ማስላት ይቻላል። ፍጥነቷ 0.75 ሜትር በሰከንድ ሲቀር ፍሬኑን እንደያዘ ቢቆይ በ1 ሰከንድና በ37.5 ሴንቲ ሜትር ትቆም ነበር። ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ፍሬኑን በእኩል መጠን እያላላ ወደ ዜሮ ካወረደው ለመቆም 2 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚሄደው ርቀት ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ማንም ሳይወዛወዝ፣ ዕንቁላሉ ሳይነካ፣ መኪናዋ ሮቤ መናኸሪያ የቆመችው ለተጨማሪ 1 ሰከንድና ለ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው።